ሰውየውን ታውቀዋለህን?

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም ነው። የዐስር ሰላት ተሰግዶ ከመስጊድ ስንወጣ አንድ የሠፈራችን ወጣት ጫማዬን እስካጠልቅ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። የዋስትና ቅጽ ነበር። በአንድ የግል ድርጅት የንብረት ክፍል ሥራ አግኝቷል፤ ድርጅቱ ግን ዋስ ካላቀረበ አይቀጥረውም። «ጋሼ፣ ዘመዶቼ ያሉት አገር ቤት ነው። እዚህ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ቢፈርሙልኝ?» አለኝ።

እውነት ለመናገር ልጁን ለአምስት ዓመት ያህል በዐይን አውቀዋለሁ። ሱብሒን ከጀማዓ ጋር የሚሰግድ ልጅ ነው። በሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመን የቆምንባቸው ቀናት ቁጥር የላቸውም። ነገር ግን ቅጹ ላይ ከተቀጣሪው ጋር ስላለኝ ትውውቅ ወደሚጠይቀው መስመር ስደርስ እጄ ቆመ። ምን ልጻፍ? ቤቱ የት እንደሆነ አላውቅም። ከማን ጋር እንደሚኖር አላውቅም። የአባቱን ስም እንኳ ያወቅኩት ከዚያው ወረቀት ላይ አንብቤ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ላይ ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ እንጂ በግምት የሚወሰድ እንዳልሆነ፣ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። ሕጉ ለዋሱ ዕዳ ጣሪያ አበጅቶለታል። «ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው» ብሎ መመስከር ግን ጣሪያ የለውም። በዚያ ቃል ተማምኖ ቤቱን የሚያከራይ፣ ልጁን የሚድር፣ ካዝናውን የሚያስረክብ ሰው አለና።

በመሆኑም «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትኩት። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለት። «አላህ ያግራልህ» አልኩት። በተሰጠው ቀነ ገደብ ዋስ ባለማቅረቡ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔም በማላውቀው ነገር ከመመስከር ተቆጥቤያለሁ ብዬ ኅሊናዬን አሳረፍኩ። ለዚህም የያዝኩት ማስረጃ የዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ነበር።

የዑመር ሦስት ጥያቄዎች

ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ ሙስሊሞችን በመሩት በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ፊት አንድ ሰው ለምስክርነት ቀረበ። ዑመርም ሰውየውን እንደማያውቁት ነገሩትና የሚያውቀው ሰው ይዞ እንዲመጣ አዘዙት። በቦታው ከነበሩት አንዱ ተነሥቶ እኔ አውቀዋለሁ አለ። በምን እንደሚያውቀው ሲጠየቅ በደግነቱና በታማኝነቱ እንደሚያውቀው ተናገረ።

ዑመር በዚህ አልረኩም። ቀኑንና ሌሊቱን፣ መውጫውንና መግቢያውን የምታውቅ የቅርብ ጎረቤቱ ነህን ብለው ጠየቁት። አይደለሁም አለ። በገንዘብ ተገበያይታችሁ ታውቃላችሁን ቢሉት አናውቅም አለ። የሰው ጠባይ በሚገለጥበት በጉዞስ አብራችሁ ነበራችሁን ሲሉት እርሱንም አልነበርንም አለ። እንግዲያው አታውቀውም አሉት። በአንዳንድ ዘገባዎች ላይ ደግሞ ዑመር ምናልባት በመስጊድ ውስጥ ሲሰግድ፣ አንገቱን ሲደፋና ሲያቀና አይተኸው ይሆናል ማለታቸው ተጨምሮ ይገኛል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህ ማለት የሰላትን ደረጃ ዝቅ ማድረግ አይደለም። ይህን የጠየቁት ዑመር ራሳቸው ኋላ ሱብሒን ሲያሰግዱ በመሐራቡ ውስጥ ተወግተው የሞቱ ሰው ናቸው። ቁርኣን በአንከቡት ምዕራፍ (29፡45) ሰላት ከአስነዋሪና ከመጥፎ ሥራ እንደሚከለክል ያስተምረናል። ነገር ግን ሰላት ሰውየውን ከምን እንደከለከለው የሚታየው በመስጊድ ውስጥ አይደለም። በመስጊድ ውስጥ የሚሰለብ ሚዛን የለም፤ የሚካድ ብድር የለም፤ ምናልባት ከጫማ በስተቀር የሚሰረቅ ነገር የለም። ሁላችንም ዉዱእ አድርገን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንገኝበት ቦታ ነው። ፍሬው የሚታየው ከደጃፉ ወዲያ ነው።

ለመሆኑ ዑመር ሌላ ነገር መጠየቅ ሲችሉ ለምን እነዚህን ሦስቱን መረጡ? አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ጎረቤት

ላም በረት የሚለውን ስም ለሚሰማ እንግዳ የከብት ማደሪያ እንጂ የከተማ ሠፈር አይመስለውም። ዛሬ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ የሚገኝ፣ አውቶቡስና ሚኒባስ የሚርመሰመስበት ሠፈር ነው። እዚህ የቀድሞው ነዋሪ፣ የኮንዶሚኒየም ባለ ዕጣ፣ ተከራይና ከየክፍለ ሀገሩ ገና ትናንት የመጣ ሰው ተደባልቆ ይኖራል። በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ስማችንን ሳንተዋወቅ ዓመታት እናሳልፋለን። የምንተዋወቀው በጫማችን ድምፅና ከበራችን ሥር በሚወጣው የወጥ ሽታ ነው።

ጎረቤት ግን ሳይጠየቅ የሚያውቅ ምስክር ነው። ለሚስታችን በምን ዓይነት ድምፅ እንደምንናገር በግድግዳው በኩል ይሰማል። የቤት ሠራተኛችን ስንት ሰዓት ላይ እንደምትተኛ ያውቃል። ቆሻሻችንን የት እንደምንጥል ያያል። ኢማም አሕመድ ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ስለ አንዲት ሌሊቱን ስለምትሰግድ፣ ቀኑን ስለምትጾምና ስለምትመጸውት ነገር ግን ጎረቤቶቿን በምላሷ ስለምታስቸግር ሴት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተነገራቸው ጊዜ መልካም ነገር እንደሌላትና የእሳት እንደሆነች ተናግረዋል። ሰላቷ አልተካደም፤ ጾሟም አልተካደም። ነገር ግን ጎረቤቶቿ ሊመሰክሩ የሚችሉት ሌላ ነገር ነበር።

በማዑን ምዕራፍ (107) ለይዩልኝ የሚሰግዱ ሰዎች የተወቀሱበት አንዱ ነገር «ማዑን»ን መከልከላቸው ነው። ከሶሃቦች መካከል ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ይህንን ቃል ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚዋዋሷቸው እንደ መጥረቢያ፣ ድስትና ባልዲ ያሉ ዕቃዎች ናቸው ብለው ተርጉመውታል። ይህን በእኛ ሠፈር ቋንቋ እናስበው። ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ መሰላል፣ ለሰርግና ለለቅሶ የሚፈለግ ትልቅ ድስት ማለት ነው። የአንድ ሰው ሰላት በድስት ማዋስና አለማዋስ ይመዘናል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

ጎረቤትነት በግድግዳ ብቻም አይወሰንም። ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከወገባቸው በላይ ተሸክመው፣ አጎንብሰው ወደ ከተማ ሲወርዱ የኖሩ እናቶች አሉ። ስንቶቻችን ነን በጠባብ መንገድ ላይ ስናገኛቸው ሸክሙ ልብሳችንን እንዳይነካው ከመጠንቀቅ አልፈን መንገድ የለቀቅንላቸው? እነዚህ እናቶች ስማችንን አያውቁም፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቀርበው አይመሰክሩልንም፤ አይመሰክሩብንም። በመሆኑም በእነርሱ ፊት የምናሳየው ጠባይ ምንም ጥቅም ያልታሰበበት እውነተኛው ጠባያችን ነው።

ገንዘብ

ሁለተኛው የዑመር ጥያቄ ስለ ዲናርና ዲርሃም ነው። ገንዘብ በአፍ የተነገረውን በእጅ ያስመነዝራል። ይህን ለመረዳት ዕቁብ የገባ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ዕቁብ ውስጥ ሰው የሚታወቀው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አይደለም። ያኔማ ሁሉም በጊዜው ይከፍላል፤ ያልደረሰው ዕጣ ይጎትተዋል። ሰውየው የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወስዶ ሲያበቃ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ሳይለመን መክፈል አለመክፈሉ ላይ ነው። አባቶቻችን ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ እንዲጠራ ያደረጉት ሰው ከወሰደ በኋላ ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ የመካ ሰዎች በአደራ ያስቀመጧቸው ንብረቶች በእጃቸው ነበሩ። ሊገድሏቸው የዶለቱት የዚያችው ከተማ ሰዎች ናቸው። ይሁንና አደራው ለየባለቤቱ እንዲመለስ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ አስቀሩ። ጠላትህ እንኳ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው አንተ ዘንድ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክርነት አለ?

ከዚህ በተቃራኒው በሙስሊም ሐዲስ ውስጥ የተጠቀሰው «ሙፍሊስ» ወይም የከሰረ ሰው አለ። ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ በትንሣኤ ቀን ይመጣል። ነገር ግን ይህን ሰድቧል፣ ያንን ያለ ጥፋቱ ወንጅሏል፣ የሌላውን ገንዘብ በልቷል፣ ደም አፍስሷል፣ ደብድቧል። ምንዳው ለተበዳዮቹ ተከፋፍሎ ሲያልቅ የእነርሱ ኃጢአት በእርሱ ላይ ይጫናል። ልብ በሉ! ይህ ሰው ሰላት የሌለው ሰው አይደለም። ከመስጊድ ያመጣውን በመንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው።

ጉዞ

ሦስተኛው ጥያቄ ጉዞ ነው። በዐረብኛ ጉዞ «ሰፈር» ይባላል። በ1111 እ.ኤ.አ የሞቱት ታላቁ ሊቅ ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ ቃሉ ከመግለጥ ጋር የተያያዘ መሆኑንና ጉዞ የሰውን ጠባይ ስለሚገልጥ ይህ ስም እንደተሰጠው ጽፈዋል። በእኛ አማርኛ ደግሞ ሠፈር የምንኖርበት መንደር ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ቢሆንም ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ሰው በሠፈሩም በሰፈሩም ይገለጣል።

ከላይ የጠቀስኩት ወጣት ሥራው ካመለጠው ከሁለት ወር በኋላ የመስጊዳችን ጀማዓ አባል የሆነ አንድ ወንድም አባቱ ደሴ ላይ ሞቱበት። ለቅሶ ለመድረስ ከወሰንነው መካከል እኔና እርሱ ነበርንበት። የአውቶቡሱ ቲኬት ስላለቀ ሱብሒን ሰግደን ከላምበረት በሚኒባስ ተሳፈርን። ደላላው ይጮኻል፤ ተሸካሚው ሻንጣ ይነጥቃል፤ አንዲት እናት በጭንቀት ዕቃቸውን ይቆጥራሉ። መቀመጫችን ጎን ለጎን ሆነ። ለአምስት ዓመት በሶፍ ጎን ለጎን ስንቆም ያልተነጋገርነውን ያህል ካራን ሳናልፍ ተጨዋወትን።

የሁለታችንንም ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነበርኩ። ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ አንድ መቶ ብር አብልጦ ሰጠኝ። ወዲያው አወቅኩት። ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ማሰብ ጀመርኩ። ከታሪፍ በላይ አስከፍሎናል አልኩ። ከእያንዳንዱ መንገደኛ ያለ አግባብ ወስዷልና ይህ ሐቄ ነው አልኩ። ለለቅሶ ቤት እሰጠዋለሁ፣ ሰደቃም ይሆናል አልኩ። አንባቢዬ ይፍረደኝ! ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ብልህ ጠበቃ ነው! በማላውቀው ነገር አልመሰክርም ብዬ ወረቀት የመለስኩት እኔ፣ የማውቀውን መቶ ብር ኪሴ ውስጥ ይዤ ጠባሴን አለፍኩና ደብረ ብርሃን መሐል ገባሁ።

ለቁርስ ስንወርድ ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ረዳቱ ሲመልስልዎ የተሳሳተ መሰለኝ» አለኝ። አይቶ ነበር። ሳያሳፍረኝ፣ ያላወቅኩት እንዲመስል መንገድ ትቶልኝ ነው የነገረኝ። ሄጄ መለስኩ። ረዳቱ ከልቡ አመሰገነኝ፤ ምስጋናው ግን የእኔ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መቶ ብር ለመመለስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የፈጀብኝ ሰው መሆኔን ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። ያውም ሰው ስላየኝ!

ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ሠራው ዋሻ ከመድረሳችን በፊት ጎማ ፈነዳ። የጣርማ በርን ብርድና ጉም ያየ ያውቀዋል። ልጁ ጃኬቱን አውልቆ ሕፃን ለያዘች ሴት ሰጠና ጎማ ለመቀየር ከሾፌሩ ጋር ተንበረከከ። እኔ መቀመጫዬ እንዳይወሰድብኝ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ልጁን መልአክ አድርጌ መሳል ግን አልፈልግም። ትርፍ ጎማው ያረጀ ሆኖ ሲገኝ በረዳቱ ላይ እንደ እሳት ነደደ፤ የማይገባ ቃልም ተናገረው። ደብረ ሲና ስንደርስ ሻይ ጋብዞ ይቅርታ ጠየቀው። ስለዚህ ቁጡ ነው፤ የሰው ገንዘብ ግን አይነካም፤ ከተቆጣም በኋላ ይመለሳል። በአንድ ቀን መንገድ ያወቅኩት ይህንን ነው። በአምስት ዓመት ሶፍ ያላወቅኩት ይህንን ነው።

ማን ላይ ነው የተመሰከረው?

ከደሴ ስንመለስ የዑመርን ታሪክ እንደገና አሰብኩት። ቀድሞ የተረዳሁት እንደ መከላከያ ነበር፤ የማታውቀውን አትመስክር የሚል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ልጁን «አላውቀውም» ማለቴ ትክክለኛ ምስክርነት ነበር። ነገር ግን የመሰከርኩት በእርሱ ላይ አልነበረም፤ በራሴ ላይ ነበር። አምስት ዓመት ትከሻዬን ነክቶ የቆመን ወንድም ቤቱን ያልጠየቅኩ፣ ሲታመም ያልዘየርኩ፣ አንድ ሲኒ ቡና አብሬው ያልጠጣሁ ሰው ነኝ ብዬ መሰከርኩ። ሥራውን ያሳጣው ጥንቃቄዬ አይደለም። ከጥንቃቄዬ በፊት የነበረው አምስት ዓመት ነው።

የዑመር ጥያቄዎች ሌላውን ለመመዘን ብቻ የተሰጡ ሚዛኖች አይደሉም። ሰውን ለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚነግሩን ናቸው። ጎረቤት መሆን ያስከፍላል፤ ማበደርና መበደር ያስከፍላል፤ አብሮ መንገድ መውጣት ያስከፍላል። እኛ ደግሞ በከተማ የምንኖር ሰዎች ሦስቱንም የምንሸሽባቸው መንገዶች በዝተውልናል። ጎረቤትን በበር ዘግተን፣ ብድርን በሰበብ፣ ጉዞን ጆሮ ላይ በተሰካ ማዳመጫ እንሸሻለን። ከዚያም ሰው አይታመንም እያልን እናማርራለን። ላልቀረብነው ሰው እምነት ከየት ይመጣል?

በቁርኣን የኒሳእ ምዕራፍ (4፡135) ምእመናን በራሳቸውም ላይ ቢሆን ለፍትሕ እንዲመሰክሩ ታዘዋል። የቂያማ ምዕራፍ (75፡14-15) ደግሞ ሰው ምንም ያህል ምክንያት ቢደረድር በራሱ ላይ ምስክር መሆኑን ይናገራል። መቶ ብሩ ኪሴ ውስጥ ሳለ የደረደርኳቸውን ምክንያቶች ሳስብ ይህ ለማን እንደተነገረ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የሰው ልጅ ዕድገት የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። ብዙ ከማወቅ አይደለም፤ ስለ ሌላው የምንጠይቀውን ጥያቄ ወደ ራሳችን ከማዞር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የላቀው አብነት በ610 እ.ኤ.አ በሒራእ ዋሻ የመጀመሪያው ወሕይ የወረደ ዕለት የሆነው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈርተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የመጀመሪያውን ምስክርነት የሰጧቸው ባለቤታቸው ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነበሩ። አላህ እንደማያዋርዳቸው ሲናገሩ ያቀረቡት ማስረጃ ዝምድናን መቀጠላቸውን፣ የደካማውን ሸክም መሸከማቸውን፣ ለሌለው መስጠታቸውን፣ እንግዳ ማክበራቸውንና የተቸገረን መርዳታቸውን ነው። ኸዲጃ ይህንን በምን አወቁ? አስቀድሞ በንግድ ገንዘባቸውን አምነው ሰጥተዋቸዋል። ወደ ሻም በተደረገው ጉዞም አገልጋያቸው መይሰራ አብሮ ተጉዞ ያየውን ነግሯቸዋል። ከዚያም ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ዑመር በኋላ የሚጠይቋቸውን ሦስቱንም ጥያቄዎች ኸዲጃ ቀድመው አልፈዋቸው ነበር ማለት ነው።

የአገራችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ615 እ.ኤ.አ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች በነጃሺ ፊት ሲቆሙ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ስለ ሃይማኖታቸው ያስረዱት አንድ አምላክን ከማምለክ ጋር እውነት መናገርን፣ አደራ መመለስን፣ ዝምድና መቀጠልንና ለጎረቤት መልካም መሆንን ደርድረው ነው። ቀድሞ ጎረቤትን ይበድሉ እንደነበር አልደበቁም። ስለ መልዕክተኛውም እውነተኛነታቸውንና ታማኝነታቸውን አስቀድመን እናውቅ ነበር አሉ። በዚህች ምድር ስለ እስልምና በተደረገው በዚያ የመጀመሪያ ንግግር ውስጥ ጎረቤትና አደራ ቦታቸው እዚህ ድረስ ነበር።

ምስክርነት ቀን አለው

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን አንድ ሥጋት አለ። አንዳንዱ ወንድም ይህንን ሰምቶ የሰውን ነውር ሊሰልል ይነሣ ይሆናል። የሑጁራት ምዕራፍ (49፡12) መጥፎ ጥርጣሬንም፣ ስለላንም፣ ሐሜትንም በአንድነት ከልክሏል። ሰውን ማወቅ አብሮ መኖር እንጂ በቀዳዳ ማየት አይደለም። ደግሞም አንድ ሰው ጎማ በፈነዳበት፣ በራበውና በበረደው ሰዓት የተናገረው ቃል የሕይወቱ ሁሉ ፍርድ ሊሆን አይገባም። ሰው ይለወጣል።

ለዚህም ምስክሩ ዑመር ራሳቸው ናቸው። ገና ሙስሊም ሳይሆኑ፣ በሙስሊሞች ላይ ብርቱ በነበሩበት ጊዜ፣ ለይላ የተባሉ ሶሃቢት ወደ ሐበሻ ለመሰደድ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ዑመር ደረሱባቸው። ለይላ ስላደረሱባቸው በደል ሲነግሯቸው ዑመር ያልተለመደ ርኅራኄ አሳዩና አላህ አብሯችሁ ይሁን ብለው አዝነው ሄዱ። ለይላ ይህንን በተስፋ ለባላቸው ለዓሚር ኢብን ረቢዓ ሲያወሩ ባልየው የኸጧብ አህያ ካልሰለመ በስተቀር ዑመር አይሰልምም ብለው መለሱ። የዓሚር ምስክርነት ውሸት አልነበረም፤ በቅርብ ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን የዚያ ቀን ምስክርነት ነበር። ለይላ ግን የሐበሻ ጉዞ ጓዝ መሐል ቆመው ሌላ ነገር አዩ። ያ ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነው ከዓመታት በኋላ ኸሊፋ ሆኖ ሰውየውን ታውቀዋለህን ብሎ የጠየቀው።

እንግዲህ በሰው ላይ የምንሰጠው ምስክርነት ሁሉ ቀን ሊጻፍበት ይገባል። እገሌ በዚህ ዓመት እንዲህ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ እገሌ እንዲህ ነው ብሎ መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ለራሳችንም እንደዚሁ ነው። ሰው ትናንት ባደረገው ጥሩ ነገር ዛሬም ጥሩ ነኝ ብሎ ይተኛል፤ ትናንት ባጠፋውም ከእንግዲህ እኔ አልሆንም ብሎ ይተኛል። ሁለቱም እንቅልፍ ነው። ነፍስ እስካለች መዝገቡ አልተዘጋም።

ከደሴ ከተመለስን በኋላ ልጁ ቤቴ ይመጣል፤ እኔም ቤቱ እሄዳለሁ። ተበዳድረን ተመላልሰናል። አንድ ጊዜ ተጣልተን ታርቀናል። ሌላ ሥራ አግኝቶ ቅጹን ይዞልኝ ሲመጣ ፈረምኩ። ስለ ትውውቃችን በሚጠይቀው መስመር ላይም የማውቀውን ጻፍኩ፤ በገንዘብ ታማኝ እንደሆነ፣ ለመቆጣት እንደሚቸኩል፣ ይቅርታ ለመጠየቅም እንደማይዘገይ። ከሥሩ ቀኑን አሰፈርኩ። ቁጡ ነው ማለቴ ይጎዳው ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አልጎዳውም።

ወረቀቱን ሲያጥፍ «አንተስ ስለ እኔ ብትጠየቅ ምን ትመሰክራለህ?» አልኩት። ሳቀና «ጋሼ የሰው ገንዘብ ይመልሳሉ፤ ትንሽ ቢዘገዩም» አለኝ።

ውድ አንባቢያን! ነገ ከሱብሒ በኋላ ስታሰላምቱ ቀኝና ግራችሁን ተመልከቱ። በቀኛችሁ የቆመውን ታውቁታላችሁን? በግራችሁ ያለውንስ? እናንተንስ ከእነርሱ መካከል ማን ያውቃችኋል? አላህ (ሱ.ወ) በጎረቤቶቻችን፣ በተበዳዮቻችንና በመንገድ ጓደኞቻችን አንደበት መልካም ከሚመሰከርላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።